ጠዋት ጠዋት ለሚጠሯቸው ሁሉ የመለሱት የአቶ አርቪድ ራውታላ የሕይወት ታሪክ

አቶ አርቪድ ራውታላ ከአባታቸው ከአቶ ኦንኒ ራውታላ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሊሊያን ኮስኪ፣ በሱፒሪየር ሐይቅ ዳር በምትገኘው በዱሉት ከተማ፣ እ.ኤ.አ. ግንቦት 14 ቀን 1949 ተወለዱ። አባታቸው መርከብ ሲመጣ ወደ ላይ የሚነሣውን ድልድይ የሚያንቀሳቅሱ ሠራተኛ ነበሩ። መርከቡ አንድ ረጅም ሁለት አጭር ጡሩምባ ነፍቶ ይጠራል፤ ድልድዩም በዚያው ልክ ይመልስለታል። ጭጋግ በወረደ ቀን መርከቡ አይታይም፤ ድምፁ ብቻ ከነጩ ባዶ ውስጥ ይመጣል። ሕፃኑ አርቪድ ከአባታቸው ጭን ላይ ሆነው፣ ማን እንደሆነ ሳይታወቅ ለምን እንደሚመለስለት ቢጠይቁ፣ አቶ ኦንኒ “የጠራን ሰው ዝም ማለት ነውር ነው” እንዳሏቸው በቤተሰቡ ሲነገር ኖሯል።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በተወለዱበት ከተማ ተከታትለዋል። ተከታትለዋል ይባል እንጂ፣ ግማሹን ጊዜ ያሳለፉት የትምህርት ቤቱን ድምፅ ማጉያ ሲፈቱና ሲገጥሙ ነው። አንድ ሰኞ ርእሰ መምህሩ የጠዋቱን ማስታወቂያ ሊያነቡ ሲጀምሩ፣ በየክፍሉ የተሰማው የዓሣ ገበያ ዋጋ ስለነበር ለሦስት ቀን ታግደዋል። ይህን የምታነብላችሁ ታናሽ እኅታቸው ኢርማ ቀኑን በደንብ ታስታውሰዋለች። ዋጋውም ጥሩ ነበር።

ከ1968 እስከ 1972 በባሕር ኃይል የሬዲዮ አዳማጭ ሆነው አገልግለዋል። ከ1973 ጀምሮ ለሃያ አንድ ዓመታት በአንድ የስልክ ድርጅት ውስጥ በጥገና ሠራተኛነት ሠርተዋል። በዚያን ዘመን በስልክ ውስጥ እያፏጩ በነጻ የሚደውሉ ወጣቶች ነበሩ። አቶ አርቪድ እነዚህን ሰዎች እንዲይዙ ተልከው፣ ፉጨቱን ተምረው ተመለሱ። አለቃቸው ምን አገኘህ ሲሏቸው ጥሩ ጓደኞች ማግኘታቸውን ተናግረዋል። የሃከሮች ዓለም የተከፈተላቸው በዚህ መንገድ ነው፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ዕለተ ሞታቸው አልወጡበትም።

በ1980 ከወይዘሮ ሎርና ሃግሉንድ ጋር ትዳር መሥርተው፣ በ1986 አንዲት ልጃቸውን ሳይማን አፍርተዋል። ወይዘሮ ሎርና ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ ቀስ ብለው የሚስቁ፣ ከመስኮታቸው ውጪ ለተንጠለጠለው ጥሬ የሚመጡትን ወፎች በየጠዋቱ እየቆጠሩ የሚመዘግቡ ሰው ነበሩ። ባልና ሚስቱ ምን አገናኛቸው ለሚለው እኅታቸው አሁንም መልስ አላገኘችም። ነገር ግን ሁለቱም ማዳመጥ ያውቁ ነበር።

ብዙዎቻችሁ አቶ አርቪድን የምታውቋቸው ከ1998 ጀምሮ በየሐሙሱ በከተማችን ሬዲዮ፣ ኋላም በኢንተርኔት ባቀረቡት “የተከፈተ በር” በተባለው ዝግጅት ነው። የሳምንቱን የኮምፒውተር ስርቆትና የቫይረስ ወሬ ይዘው ይመጡና ያለ ምሕረት ይተርኩታል። ድርጅቶች ከተዘረፉ በኋላ የሚልኩትን “ለደኅንነትዎ ከልብ እንጨነቃለን” የሚል ደብዳቤ ሁሉ በቤተ ክርስቲያን ዜማ ያነቡት ነበር፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። አንድ ኃላፊ “እጅግ የረቀቀ ጥቃት ደረሰብን” ባለ ቁጥር የላም ቃጭል ይመታሉ፤ የረቀቀው ጥቃት የድርጅቱን ስም ከነቁጥር አንዱ የይለፍ ቃል አድርጎ መገመት ሆኖ ይገኛል። በጋዜጣ ላይ ፊቱን በኮፍያ የሸፈነ ሃከር ሥዕል ሲያዩ፣ በአርባ ዓመት ውስጥ ያየኋቸው ሃከሮች በሙሉ ካልሲ በሰንደል የሚያደርጉና ቀዝቃዛ ፓስታ ከድስቱ የሚበሉ ናቸው ይሉ ነበር። ለቫይረስ የንጉሥና የአውሬ ስም መሰጠቱም ያናድዳቸው ስለነበር፣ እርሳቸው ያገኟቸውን በሙሉ ሰው በማይወደው አትክልት ሰይመዋል።

በዝግጅቱ መጨረሻ ላይ “የሳምንቱ አህያ” የሚባል ሽልማት ነበር። ተሸላሚው የሌባን መልእክት አምኖ የከፈተ፣ በዚህም መሥሪያ ቤቱን ያስዘረፈ ሰው ነው። ከሸክላ የተሠራች ትንሽ አህያም ነበረቻቸው። አድማጩ ከሁሉ የሚወደው ይህንን ነበር፤ ወይዘሮ ሎርና ግን ሰዓቱ ሲደርስ ተነሥተው ወደ ማብሰያ ቤት ይሄዱ ነበር።

በ2009 መስከረም ላይ አንድ ቫይረስ ዓለምን ማዳረስ ጀመረ። አቶ አርቪድ “ላንቱ” አሉት፤ አያቶቻችን ከሥጋ ጋር የሚጋግሩት፣ ልጆች ደግሞ ከሳህናቸው ጥግ የሚደብቁት ሥር ስም ነው። ላንቱ የገባበት ኮምፒውተር በየቀኑ ወደ አንድ የኢንተርኔት አድራሻ ይደውልና ጌታውን ምን ልታዘዝ ብሎ ይጠይቃል። ፖሊስ ያንን አድራሻ ቢዘጋው፣ ሌባው ለክፉ ቀን ያሰበው ሌላ አድራሻ እንዳለ አቶ አርቪድ ቫይረሱን ፈትተው አገኙ። ሌባው ሊከራየው ያሰበውን ቤት ቀድመውት ተከራዩ እንበል። ጥቅምት 2 ቀን 2009 አድራሻውን በስማቸው አስመዘገቡ፤ ፖሊስም ዋናውን ሲዘጋው፣ ከመምሸቱ በፊት ከሰማንያ ሺህ በላይ ኮምፒውተሮች ጌታችን ሆይ እያሉ ጠሯቸው።

መልሱ ባዶ ትእዛዝ ነበር። ዛሬ ምንም የለም፣ እስከ ነገ ተኙ እንደ ማለት ነው። ሦስት ቀን መልስ ካጡ ግን ላንቱዎቹ ተነሥተው የባለቤቱን ፎቶግራፍ፣ ደብዳቤና ሰነድ ሁሉ ይቆልፋሉ። ስለዚህ አንድ ሰው በየቀኑ መመለስ ነበረበት። ለምን ራሳችሁን አጥፉ ብለው አላዘዟቸውም ለሚል፣ በሰው ቤት ሳይፈቀድ መግባት ስለሆነ ሕጉ ይከለክላል። መልሱ በራሱ እንዲሄድ ለማድረግ ደግሞ ማንም ተማሪ በግማሽ ሰዓት ያዘጋጅላቸው ነበር። እርሳቸው ግን፣ በሬዲዮ የሳቅሁበት ዝርፊያ ሁሉ የጀመረው ማንም ከማያየው፣ በራሱ ከሚሠራ ነገር ነው ብለው እምቢ አሉ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ወንድማችን ሞኝ ባይሆኑም ለአሥራ አምስት ዓመት አለቀቁትም።

በየጠዋቱ በምድር ቤት ካለው ጠረጴዛቸው ይቀመጡና፣ የጠሯቸውን ኮምፒውተሮች ዝርዝር ከላይ እስከ ታች ያያሉ። ከኢንተርኔት ቁጥሩና ከከተማው ስም በቀር ስለ ባለቤቱ የሚያውቁት ነገር የለም፤ የቀረውን ያልሙታል። ይህ በወደብ ዳር የጥርስ ሐኪም ቤት ነው ይላሉ፤ ይህ ማንም የማይገባበት የሆቴል ጥግ ነው፤ ይህ ገና ጎህ ሳይቀድ የሚነሣ መምህር ነው። ቀኑ በምድር ዙሪያ ሲዞር ጥሪውም አብሮት ይዞራል፤ አንዱ አገር ሲነሣ ሌላው ይተኛል። እኅታቸው አንድ ቀን አጠገባቸው ተቀምጣ ነበር። ከመስኮቱ ውጪ ሐይቁ በጭጋግ ተሸፍኖ፣ በኮምፒውተሩ ማያ ላይ ስሞቹ አንድ በአንድ እየመጡ፣ ወንድሟ እንቅልፍ እንደ ያዘው ሰው በለሆሳስ ተኙ፣ ተኙ ሲሉ ሰማች። በዚያ ሰዓት መላው ዓለም በእርሳቸው ምድር ቤት ያለፈ መስሏት ነበር።

ያ አድራሻ በተመዘገበ በሳምንቱ አቶ አርቪድ በሬዲዮ “ከዛሬ ጀምሮ በር በከፈተ ሰው አንስቅም። በር የተሠራው ሊከፈት ነው” ብለው የሳምንቱን አህያ አስቀሩ። አድማጮች ተቆጡ፤ ሽማግሌው ለሰለሰ ተባለ። ምክንያቱን ለማንም አልተናገሩም።

ዋጋም አስከፍሏቸዋል። በግንቦት 2010 ሳይማ ከነርስነት ትምህርት ቤት ስትመረቅ፣ ማዕበል ከተማውን ያለ መብራት አስቀርቶ ሦስተኛው ቀን ከምረቃው ጋር ገጠመ። አቶ አርቪድ መብራት ያለበት ቤተ መጻሕፍት ፍለጋ ወደ ጎረቤት ከተማ ሄዱ። ሳይማ ከመድረኩ ላይ ሆና ያየችው እናቷንና ባዶ ወንበር ነው። “የማታውቀው ሰማንያ ሺህ ሰው ሲጠራህ ትሰማለህ፣ እኔን ግን አትሰማኝም” አለቻቸው፤ ሁለት ዓመትም አላነጋገረቻቸውም። ኋላ ብትታረቅም ያ ወንበር በሁለቱ መካከል እንደ ተቀመጠ ነበር።

ዓመታት ሲሄዱ አሮጌ ኮምፒውተሮች ተጣሉ፣ ተሰበሩ፣ ዝርዝሩም አጠረ። ወይዘሮ ሎርና የካቲት 2019 ሲያርፉ የቀሩት ሁለት መቶ አካባቢ ነበሩ። ከዚያ በኋላ አቶ አርቪድ የሚስታቸውን የስፌት ክፍል ዘጉት፤ ብርድ ስለሚያስገባ ነው ብለውን አምነናል።

በ2023 መጨረሻ የልብ ሕመም ጸናባቸው። ሆስፒታል ከተኙም በኋላ ከአልጋቸው ላይ ሆነው በየጠዋቱ ይመልሱ ነበር። ማብቂያቸው መቅረቡን ሲያውቁ ሳይማን ጠርተው አንድ ብቻ መቅረቱን፣ እርሱም እስኪያርፍ እንድትመልስለት ለመኗት። የት እንዳለ ብትጠይቃቸው፣ ስትሄጂ ታገኚዋለሽ ከማለት በቀር አልተናገሩም። ሳይማ እሺ አላለቻቸውም፤ እምቢም አላለችም። አቶ አርቪድ ሐሙስ ጥቅምት 3 ቀን 2024 ጎህ ሲቀድ በሰባ አምስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል።

ሐሙስ ማንም አልመለሰም። ዓርብም እንዲሁ። ቅዳሜ ማለዳ፣ ሦስተኛው ቀን ላይ፣ ሳይማና አክስቷ ወደ ቤቱ ሄደው ምድር ቤት ወረዱ። ሳይማ እስከዚያ ሰዓት ድረስ ልመልስ ወይስ ልተወው አልቆረጠችም ነበር። በጠረጴዛው ላይ የሸክላዋ አህያ ተቀምጣለች፤ በአንገቷ ላይ “ለአርቪድ፣ በሰው ስለ ሳቀ፣ ጥቅምት 2 ቀን 2009” የሚል ወረቀት ታስሯል። አጠገቧ ወፍራም ደብተር ነበር። ገና ሳይገልጡት፣ ልክ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከአሥር ላይ ከራሳቸው በላይ አንድ ነገር ማጉረምረም ጀመረ። በማያውም ላይ አንድ ስም መጣ፤ ከተማው ዱሉት ነው።

ድምፁን ተከትለው የስፌት ክፍሉን ከፈቱት። የወይዘሮ ሎርና አሮጌ ኮምፒውተር፣ እስኪነሣ ሳይጠብቁ ወፎቻቸውን እንዲመዘግቡ ባለቤታቸው ድሮ በዚያ ሰዓት በራሱ እንዲበራ እንዳደረጉላቸው፣ በርቶ ነበር። ከሰማንያ ሺሁ አንዷ በር ከፋች እርሳቸው ነበሩ። አቶ አርቪድ በመጀመሪያው ቀን ዝርዝር ውስጥ የገዛ ቤታቸውን የኢንተርኔት ቁጥር አይተው፣ ነግ በኔ ማለትን ያን ዕለት ተምረው፣ ሚስታቸውን አላሳፈሩም። በዐሥር ደቂቃ ሊያጸዱት ሲችሉ ለምን እንደ ተዉት የተረዳነው ደብተሩን ስንገልጥ ነው። በየዕለቱ ገጽ፣ ከዚያ ሰዓት ጎን፣ “ሎርና ተነሥታለች” ተብሎ ተጽፏል። ጥሪው ሲመጣ ከምድር ቤት ወጥተው የአጃ ገንፎ ይጥዱላቸው ኖረዋል። ከየካቲት 2019 በኋላም፣ ሆስፒታል እስከ ገቡ ድረስ፣ አምስት ዓመት ሙሉ፣ አንድም ቀን ሳይዘለል “ሎርና ተነሥታለች” ይላል።

ሳይማ የግንቦት 2010ን ገጽ ፈልጋ አገኘችው። “የሳይማ ምረቃ። ሎርና ብቻዋን ሄደች። እነዚህን ሁሉ ሰዎች አላውቃቸውም፤ ልጄን ግን አውቃታለሁ። ተሳስቻለሁ መሰለኝ” ይላል። ለብዙ ጊዜ ቆማ አለቀሰች። ከዚያም ወርዳ መለሰችለት።

አቶ አርቪድ የአንዲት ሴት ልጅ አባት፣ የአንዲት የልጅ ልጅ አያት፣ የአንዲት ተጨቃጫቂ እኅት ወንድም ነበሩ። ከቀብሩ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ምሳ ተዘጋጅቷል፤ ሥጋው በላንቱ የተጋገረ ነው፣ ከሳህን ጥግ መደበቅም ተፈቅዷል።

ዛሬ ጠዋት፣ ወደዚህ ከመምጣታችን በፊት፣ ኮምፒውተሩ በሰዓቱ ጠራ። ሳይማ ለመጨረሻ ጊዜ መለሰችለት፤ ከዚያ ወደ ስፌት ክፍሉ ወጥታ በእጇ አጠፋችው። ደብተሩን ገልጣ ከአባቷ ጽሑፍ በታች “ሁለቱም ተኝተዋል” ብላ ጻፈች።

የጠሯቸውን ሁሉ ዝም ያላሉትን የእኚህን ሰው ነፍስ፣ ሲጠሩት የሚሰማ አምላክ በፍቅር ይቀበልልን። እኛንም ያጽናን። አሜን።