«ሲሊንደር እንደ ላባ ነው የሚያነሳው»

ሰኞ

«ድኗል» ይላል የመርከብ ድርጅቱ ደብዳቤ። አራት ጊዜ አነበብኩት። ስልኬን አስቀምጬ ተነሳሁ፣ ውሃ ጠጣሁ፣ ተመልሼ አነበብኩት። ያው ነው። «መርከበኛው ስለዳነ ወደ ሥራው መመለስ ይችላል። የአካል ጉዳት ካሳ አይገባውም።»

በመርከቡ ሞተር ክፍል ውስጥ ሰንሰለት ተበጥሶ ብረቱ ትከሻዬ ላይ ከወደቀ ዓመት ሊሞላው ነው። የመርከብ መካኒክ ነበርኩ። የድርጅቱ ሐኪም ያየኝ አንዴ ነው፣ ለአሥር ደቂቃ፣ ያውም ስልኩን እየነካካ። እኔ የምታከምበት ሐኪም ግን ገና አልዳንክም ይለኛል።

ጠበቃዬ ሰናይት «የማትችለውን በየቀኑ ጻፍ» ብላኛለች። በግራ እጄ ነው የምጽፈው፣ ፊደሌ የአንደኛ ክፍል ልጅ ፊደል ይመስላል። ዛሬ ያልቻልኩት፦ ቀኝ እጄን ከደረቴ በላይ ማንሳት። ዳቦ መቁረጥ። የሸሚዝ ቁልፍ። ጀርባዬን ማሸት።

እማዬ «ምን አሉህ?» አለችኝ። «ምንም» አልኳት።

ማክሰኞ

ዊንጌት፣ ሰናይት ቢሮ። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ «ጠጋ በል ወንድሜ» ብሎ በትከሻዬ ሲገፋኝ እንባዬ መጣ። ሰውየው ደነገጠ፣ እኔም አፈርኩ።

ሰናይት ሰነዳቸውን አስልካ አግኝታለች። የድርጅቱ ወኪል የስልክ ማስታወሻ ነው። ሁለት ጊዜ ደውሎልኝ ነበር። «እንዴት ነህ?» ሲለኝ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብያለሁ። ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሱት ምን ሆነ? «ሙሉ በሙሉ ጤነኛ መሆኑን በራሱ አንደበት አረጋግጧል።»

«ይሄ እኮ ሰላምታ ነው!» ብዬ ጮህኩ። «ሰው ለቅሶ ቤት ተቀምጦም ደህና ነው የሚለው!»

«ለእኔና ለአንተ ሰላምታ ነው» አለች። «ለእነሱ ቃል ነው። ግን እሱ አይደለም ያስፈራኝ። ሦስተኛውን ጥሪ አንብብ።»

አነበብኩ። «የቤተሰብ አባል ተጠይቀው፣ ሙሉ የጋዝ ሲሊንደር ብቻውን እንደ ላባ እንደሚያነሳ፣ አንድም ቦታ እንደማያመው ተናግረዋል።» ከእኔ ጋር የሚኖረው ሰው አንድ ብቻ ነው።

ጉዳዩን የሚያዩት የግልግል ዳኞች ዓርብ በቪዲዮ ይሰሙናል። ሰናይት «እናትህን አናግራቸው» አለችኝ። ቤት ስደርስ እማዬ ጎረቤት ሄዳ ነበር። ስትመለስ አቅም አጣሁና ተኛሁ።

ረቡዕ

ጠየቅኳት። ኧረ ጉድ! ኧረ የጉድ አገር!

«አዎ ደውሎ ነበር» አለች፣ ሽንኩርቷን ሳታቆም። «አንድ ትሁት ሰውዬ። ስለ ልጅዎ ለማጣራት ነው አለኝ። ጤናው እንዴት ነው? ይሠራል ወይ? ከባድ ነገር ያነሳል ወይ? አለኝ።»

«ታዲያ ከየት ነው የምትደውለው አትይውም?»

«እኔ የልጅቷ አጎት መስሎኝ!»

የምን ልጅቷ? ለካስ እማዬና የማኅበር ጓደኛዋ እትዬ አስካለ ለእኔ ሚስት ሲፈልጉ ከርመዋል። አንዲት ልጅ ሩፋኤል አካባቢ አግኝተዋል። እማዬ የልጅቷ ወገን ደውሎ ስለ እኔ እስኪያጣራ እየጠበቀች ነበር። እና ሰውየው «ለማጣራት» ሲላት በቃ! የሙሽራ እናት ሆና አወራችለት። ሲሊንደሩ፣ ላባው፣ ሁሉም ከዚያ የመጣ ነው። «ልጄ አንበሳ ነው» ብላዋለች። እሱን እንኳን አልጻፉትም።

ሳቅ መጣብኝ፣ ከዚያ ጮህኩባት። «አጠፋሽኝ!» አልኳት። እናቴን እንዲህ ብያት አላውቅም። ቢላዋውን አስቀምጣ ጓዳ ገባች።

ሐሙስ

አልተነጋገርንም። ቁርሴን አቅርባ ሄደች፣ ዳቦው ግን ተቆርጧል።

ሰናይት ደወለች። እማዬ ዳኞቹ ፊት ቀርባ «ያልኩት ውሸት ነው፣ ልጄ አካል ጉዳተኛ ነው» ማለት አለባት። አለበለዚያ አበቃ።

ለእማዬ ነገርኳት። «አበስኩ ገበርኩ!» አለች። «በአፌ ካወጣሁት እኮ ይጸናል። ትንሽ አሞሃል፣ ይለቅሃል። በቃ።»

«እማዬ፣ ዓመት ሆነኝ።»

«አታሟርትብኝ!»

በሩን ወርውሬ ወጣሁ። ወደ መድኃኔ ዓለም የሚወስደውን ዳገት እየወጣሁ ሳስበው ግን የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሆነብኝ። ያ ወኪል ሲደውልልኝ «ትከሻዬ አልዳነም፣ ሌት ተቀን ያመኛል» ማለት ማን ከለከለኝ? አፈርኩ። ከመርከብ ተባርሬ የተመለስኩ እንዳይመስል ፈራሁ። ሰላምታ ነው እያልኩ የምጮኸው ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ እንደ እሷ ስለሆንኩ ነው።

ዛሬ ያልቻልኩት፦ ይቅርታ መጠየቅ።

ዓርብ

ሰናይት ቢሮ ብቻዬን ሄድኩ። ስክሪኑ ላይ ሦስት ዳኞች፣ የድርጅቱ ጠበቃ፣ አስተርጓሚ። ስለ ሲሊንደሩ መጠየቅ ሲጀምሩ በሩ ተንኳኳ። እማዬ! እንዴት አድራሻውን አገኘችው? ሰናይት ነች፣ ለካ ማታውኑ ደውላላታለች።

የድርጅቱ ጠበቃ በአስተርጓሚ ጠየቃት። «ያን ቀን ነው የዋሹት ወይስ ዛሬ ነው የሚዋሹት?»

«ያን ቀን ነው» አለች። «ልድረው ብዬ ነው የዋሸሁት።»

አስተርጓሚው አፉ ተያዘ። ሰናይት ስለ ሚስት ፍለጋው አስረዳች። መሀል ያለችው ዳኛ መነጽሯን አወለቀች።

እማዬ ግን አልጨረሰችም። «ሲሊንደሩን በር ድረስ የማንከባልለው እኔ ነኝ። ዛሬ ይሄን ሸሚዝ ያለበስኩት እኔ ነኝ። የሱሪውንም ቁልፍ። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። ልጄ እጁን አጥቷል።» ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። የሱሪዬ ቁልፍ ወደ እንግሊዝኛ ሲተረጎም መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ያም ሆኖ እንደዚያ ደቂቃ ሰው ከጎኔ ቆሞ አያውቅም።

ውሳኔ፦ የእነሱም ሐኪም፣ የእኛም ሐኪም ቀርተው ሁለቱም ወገኖች የተስማሙበት ሦስተኛ ሐኪም ይመርምረኝ። የእሱ ቃል የመጨረሻ ነው። ቀጠሮው ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት።

ደረጃው ላይ «ይቅርታ እማዬ» አልኳት። «በል ተው፣ ታክሲ ያመልጠናል» አለችኝ።

ቅዳሜ

እማዬ በጠዋት እንጦጦ ማርያም ወጥታ ነበር። እኔ እሷን ስጠብቅ አንድ ነገር ገባኝ። ሐኪሙ «ድኗል» ካለ በዚህ ክንድ ወደ ሞተር ክፍል ተመለስ ሊሉኝ ነው። «አልዳነም» ካለ አሸነፍኩ፣ ግን ከእንግዲህ መርከብ አልሳፈርም። ዓመት ሙሉ ስከራከር ማሸነፍ ይሄ መሆኑን አላሰብኩም።

ተመልሳ ጫማዋን ስታወልቅ «ምን ብለሽ ጸለይሽ?» አልኳት።

«ልጄን ማሪልኝ እንዳልል፣ ብትድን ውሸታም ነህ ሊሉህ ነው። እንዳይድን እንዳልል፣ እናትህ ነኝ። ሁለቱንም ነገርኳትና ተመለስኩ።»

አጠገቧ ተቀመጥኩ። ማክሰኞ አብረን እንሄዳለን።