የሻርኩ መንጋጋ ተቀምጦ የረግረጓ አይጥ እንድትቀበር ስለተሰጠው ውሳኔ

ቀን፦ ሐምሌ 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለክቡር ኦቦ ጋሩማ
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር
ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ

ጉዳዩ፦ ባለቤቴ ያኖራት የረግረግ አይጥ እንዳትቀበር ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

የባዮሎጂ መምህርዎ የሃሩን ባለቤት ነኝ። ብዙዎች "መምህር የነበረው" ይላሉ፤ እኔ አልልም።

1. ቤተ ሙከራው ሲጸዳ ከጅቡቲ የመጣው የሻርክ መንጋጋ እንዲቀመጥ፣ በብልቃጥ ያለችው አይጥ ግን "ዘሯ አልቋል፣ ሸትታለች" ተብላ ጓሮ እንድትቀበር ኮሚቴው መወሰኑን ሰማሁ። ሻርኩ ግርማ አለው፣ አይጥ ያው አይጥ ናት ተብሏል አሉ።

2. ሃሩን ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጣቸው ለጌጥ አይደለም። ሻርክ ዓሣ ነው፤ አጽሙ እንደ ጆሯችን ተጣጣፊ ነው። እሷ ግን አጥንቷ እንደኛ የጠነከረ፣ ልጇን እንደኛ የምታጠባ ናት። "ሩክያ፣ ዘመዳችን ይቺ ናት፤ የሚለቀስለት ግን ለሻርኩ ነው" ይለኝ ነበር። ሻርክ በመረብ እንደሚያልቅ ታውቆ ተሟጋች አግኝቷል። ይህችን ማን ፈልጎ አጥቷት ነው አለቀች የሚባለው? ባለሙያዎቹ እንኳ እንዲህ ላለው ፍጥረት "በቂ መረጃ የለም" ይላሉ እንጂ ሞት አይፈርዱበትም።

3. ፈላጊዋ እሱ ብቻ ነው። ባለፈው ጥቅምት "ሁለተኛዋን ላምጣ" ብሎ በዲጋ በኩል ወደ ዴዴሳ ወንዝ ዳር ወረደ። ወጥመዱ እንደተዘረጋ ተገኘ፤ እሱ የለም። ሬሳ የለ፣ ጫማ የለ። ወንድሞቹ "ሰደቃውን አውጪ፣ ነፍሱ ትረፍ" እያሉ ይወተውቱኛል። ኧረ ያልታጠበ፣ ያልተገነዘ ሰው እንዴት ይለቀሳል?

4. ከዚያ ወዲህ ግድግዳዬ ውስጥ የሚቆረጥም ነገር አለ። ጎረቤቴ አዴ ሎሚ የአይጥ መርዝ አመጣችልኝ፤ ወላሂ እጄ እምቢ አለኝ። ድመቴንም ለሰው ሰጠሁ። ዝናብ ሲጥል ቁርጠማው ወደ በሩ ይጠጋል፤ እኔም "ማነው?" እላለሁ። አብዳለች ይበሉኝ። እፈራለሁ፤ ዝም ሲል ደግሞ ይብስብኛል።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ ችግሩ ሽታው ከሆነ አልኮሉን እኔ እቀይራለሁ፤ መደርደሪያ ከጠበበም ቤቴ አኖራታለሁ። "ዘሯ አልቋል" የሚለው ቃል ግን እንዲነሳልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ኮሚቴው በውሳኔው ከጸና፣ የምትቀበርበትን ቀን አስቀድመው ያሳውቁኝ። እኔም በዚያው ቀን ለሃሩን ድንኳን እተክላለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታዬ ጋር
ሩክያ እንድሪስ
(ፊርማ)