ትራፊውን የሚጥል መኪና

ማክሰኞ፣ ግንቦት 19 ቀን 1961

ኮከብ አልቆጥርም። ወይዘሮ ብዙነሽ በአጥር አጮልቃ ከጥሩወርቅ ጋር ቁጥር ስንጽፍ ስላየች መንደሩ ጠንቋይ አድርጎኛል። ዛሬ ጠዋት አንዲት ሴት እንቁላል ይዛ መጣች፤ ባሏ ከአሊዩ አምባ መቼ እንደሚመለስ እንድነግራት። “ገበያው ሲፈታ” ብዬ ከነእንቁላሏ ሸኘኋት።

እውነቱ ይህ ነው። የወንድሜ ልጅ ጥሩወርቅ አዲስ አበባ ኮምፒዩተር የተባለ የሂሳብ መኪና ያለበት መሥሪያ ቤት ትሠለጥናለች። መኪናው የሚታዘዘው ፎርትራን በሚሉት ቋንቋ ነው። በመጀመሪያው ፈተና ወደቀች። ሰኞ ይደግሙላታል፤ እስከዚያ እኔ ዘንድ ልታጠና መጥታለች። አሁንም ከወደቀች፣ ጎረቤላ ያለው ወንድሜ ደነባ ላለ እህል ነጋዴ ይድራታል። ሽማግሌዎቹ ነገሩን ጨርሰዋል። ሰውየው ሚስት ቀብሯል። ሁለት።

ስለዚህ እኔም ቋንቋውን እየተማርኩ ነው። ያልገባኝን ማስጠናት አልችልም።

ረቡዕ፣ ግንቦት 20

ደንቡን ወድጄዋለሁ። ትእዛዝ በወረቀቱ መስመር ላይ ከሰባተኛው ዓምድ ቀድሞ ከተጻፈ መኪናው አይቀበልም። አባቴም እንዲሁ ነበር።

ግን I = I + 1 የሚል መስመር አለ።

“ይህ ውሸት ነው” አልኳት።

“እኩል ነው ማለት አይደለም፣ እትዬ። የቀኙን አስልተህ በግራው ስም አስቀምጥ ማለት ነው።”

“ታዲያ ምልክቱን ለምን ሰረቁ?”

ሳቀች። ከመጣች ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ዛሬ ነው።

ማታ ላይ ወንድሜ ሰው ላከ። “በከንቱ አታድክሚያት፤ የቀሚሷ ጨርቅ ተገዝቷል” ብሏል። 

ሐሙስ፣ ግንቦት 21

ማርያም ናት። ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ የምታውቀውን ነገር በአዲሱ ቋንቋ እንድትጽፍ አዘዝኳት፦ የዘንድሮን አበቅቴ። ባሕረ ሐሳብን፣ የጾምና የበዓልን ስሌት፣ አባቴ እኔን አስተማረኝ፣ እኔ እሷን። አጽዋማቱን በዓውደ ምሕረት የሚያውጁት ግን ከእኔ በኋላ የተማሩ ወንዶች ናቸው። እኔ በሴቶች በኩል ቆሜ ልክ መሆናቸውን አጣራለሁ። ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

የዘንድሮው ወንበር፣ የስሌቱ መነሻ ቁጥር፣ 12 ነው። በ11 ሲባዛ 132። ለ30 ሲካፈል አራት ጊዜ ይደርስና 12 ይተርፋል። አበቅቴው ያ ትራፊ ነው። አራቱን ማንም አይፈልገውም፤ ይጣላል።

እሷ ግን መጀመሪያ አካፈለች፣ የደረሰውን መልሳ በ30 አባዛች፣ ያንን ደግሞ ከ132 ቀነሰች።

“ይህ ምን ዙሪያ ጥምጥም ነው? አካፍዪ፣ ትራፊው ይመጣልሻል!”

አንገቷን ደፍታ በላጲስ አጠፋችው። እንዳልኳትም IABEKT = 132/30 ብላ ጻፈች። ረካሁ።

ዓርብ፣ ግንቦት 22

ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ የመማሪያ መጽሐፏን ገለጥኩ። እንግሊዝኛውን አላነብም፤ ቁጥር ግን ቁጥር ነው። 7/2 ይልና መልሱ 3። ትራፊዋ የለችም። 9/10 ይልና መልሱ ባዶ። መነጽሬን ወልውዬ ደግሜ አየሁት። መኪናው እኛ የምንጥለውን ይይዛል፣ እኛ የምንይዘውን ይጥላል። በእኔ መስመር ቢሄድ የዘንድሮ አበቅቴ አራት ሊሆን ነው። ጾሙም በዓሉም ይፋለሳል።

እንስራዋን ሳታወርድ ጠየቅኳት።

“ትናንት የጻፍሽው ልክ ነበር?”

“አዎ፣ እትዬ።”

“ታውቂ ነበር?”

“አውቅ ነበር።”

“ታዲያ ምን ዘጋሽ?”

“እርስዎ ሲቆጡ ምን ይባላል?”

እንስራውን አውርዳ ቀሪውን ነገረችኝ። ፈታኙ ወረቀቷን አይቶ “እርግጠኛ ነሽ?” ብሏት ነበር። ያንንም አጠፋችው። ልኩን።

በቋንቋው አልወደቀችም ማለት ነው። አንገት መድፋት ማን እንዳስተማራት እዚህ አልጽፈውም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 23

ወንድሜ ጨርቁን ይዞ ራሱ መጣ። አልጋው ላይ ዘረጋው። “ሴት ልጅ ከመኪና ጋር ተነጋግራ ምን ልታተርፍ ነው? ዕድሜሽን በቁጥር ጨረስሽ፣ ማን ሾመሽ?” አለኝ። እውነቱን ነው፤ ማንም አልሾመኝም።

“ንገሪው” አልኳት።

“አባባ፣ ጨርቁ...” አለች።

“ምን?” አለ ጮክ ብሎ።

“ቆንጆ ነው” አለች።

በልቶ ጠጥቶ ሄደ።  ጨርቁ አልጋው ላይ ቀረ።

ነገ ጰራቅሊጦስ ነው፤ ቋንቋ ከሰማይ የወረደበት ዕለት። ለእኛ የሚወርድልን የለም።

ነገ መጀመሪያ የማደርገው፦

ጨርቁን ከሣጥን ሥር መክተት።

ሰኞ ጾም ስለሚገባ ቆሎዋን መቋጠር።

ከቅዳሴ በኋላ እስከ አውቶቡሱ አብሬያት መሄድ። እዚያ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ “132 ለ30 በመኪናው 12 ነው” ብዬ፣ አራት መሆኑን እያወቅኩ፣ በቁጣ መጮህ። በደንብ መቆጣት። ቀና ብላ “አይደለም!” እስክትለኝ ድረስ ትኬቷን ከእጄ አላወጣም።