ሚስቴ ትሙት

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

«ሚስቴ ትሙት፣ ኮቱ አልቋል!»

ከልብስ ስፌት ሱቃችን መጋረጃ ጀርባ ቁልፍ እየሰፋሁ ባሌ ሲምል ሰማሁት። እንግዲህ መሞቴ ነው። ኮቱ ገና ጨርቅ ነው፤ መቀስ አላየም። ባለ ኮቱ፣ ጡረታ የወጡት ዳኛ፣ በመጋረጃው ቀዳዳ አጮልቀው አዩኝ። አዘኑልኝ መሰለኝ።

«እንዲህ ከማልክማ ምን እላለሁ» ብለው ሄዱ። ዳኛ! ዕድሜ ልካቸውን የሐሰት ምስክር ሲሰሙ የኖሩ ሰው!

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ልብ ወለድ ውስጥ ሴትዮዋ የምትሞተው አንዴ ነው፤ እሱም መጨረሻው ላይ። እኔ ዛሬ ለአንዲት ዚፕ ሁለቴ ሞትኩ። ጠዋት ለባለ ሱሪው፣ ከምሳ በኋላ ለሚስቱ።

ይሁን... የገበያ ነው ብዬ ችዬዋለሁ። ወደ ማምሻው ግን መጠጥ መጠጥ እየሸተተ ገባ።

«ጠጥተሃል?»

«አንቺ ሙች፣ አፌ ላይ አልደረሰም!»

አምና ጥዬው ሄጄ የተመለስኩት ሁለተኛ ላይጠጣ ምሎልኝ ነው። በምን ማለ? በኔው!

«በእናትህ ማል» አልኩት።

ፊቱ አመድ መሰለ። «እናቴን ምን አመጣት? እሷን አትንኪብኝ!»

አሃ። ለካ መሐላ ይፈራል። እናት አንድ ናት... ሚስት ግን ትተካለች ማለት ነው?

እሑድ፣ ጥቅምት 9

አማቴ ቤት ሄጄ ዘረገፍኩላቸው። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

«ልጄ፣ ድሮ እኔን ነበር ሲገድል የሚውለው። በጥፊ አስተውኩት። አንቺን ሲያገባ ተገላገልኩ።»

እኔ ደግሞ እግዜርን የፈራ መስሎኝ! ጥፊ ነው የፈራው። ምራት ሆኜ አማቴን ተክቼ መሞቴን ማንም አልነገረኝም...

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ቁርጡን ነገርኩት። ከእንግዲህ በኔ ሞት አንድ ውሸት ከማልክ፣ እኅቴ ቤት ነኝ። አሁን ግን መመለስ የለም።

«አንቺን ልቅበር፣ ሁለተኛ...» ብሎ ጀመረ።

አየሁት። ዋጠው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

አይምልም! ዳኛው ስለ ኮታቸው ሲጠይቁ «ገና አልጀመርኩትም» አላቸው። ሰውየው ደንግጠው ወንበር ፈለጉ። እንዲህ ያለ ቃል ከልብስ ሰፊ አፍ ሰምተው አያውቁማ።

ንዴቴ ወዴት እንደሄደ እንጃ። ለመሄድ ያዘጋጀሁትን ልብስ መልሼ ሰቀልኩ። ምናልባት ሰው ይለወጣል... ለምን አይለወጥም?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 26

ከሰዓት በኋላ ደወለ።

«እናቴን ትንሽ አሟት፣ እሷ ጋ ነኝ። አመሻለሁ።»

ረጋ ያለ የጨዋ ድምፅ። መሐላ የለ፣ ምን የለ።

አማቴ ጠዋት እሱ እንደወጣ መጥተው እስካሁን ሱቃችን ናቸው። አጠገቤ ተቀምጠው ክር እየጠቀለሉልኝ ነው።