ስለ ተዝካር የጻፍሽው

እትዬ፣

ከተለየሽን ሁለተኛ ወራችን ተጋመሰ። ዝናቡ አላባራም፤ የመካኒሳው መንገድ ጭቃ ጫማ ያወልቃል። ደህና ነኝ ልልሽ ነበር፤ ግን ደክሞኛል። ያደከመኝ ለቅሶው አይደለም፤ ሰዉ ስለ አንቺ የሚያወራው ነው።

ጋዜጣ ላይ ስለ ተዝካር ያወጣሽውን ጽሑፍ ማንም አልረሳውም። የቀበሌው የውይይት ክበብ ሰብሳቢ በሁላችንም ፊት «ሃይማኖትን ያጋለጠች ምሁር» ብሎ አመሰገነሽ። ካድሬ ነውና እሱን ማረም እንደማይቻል ታውቂያለሽ። እማዬ ደግሞ ቦኖ ውሃ ተራ ስትጠብቅ «የዚያች የከሃዲዋ እናት» ሲሏት ሰማች። አንቺ የጻፍሽው ግን ድሃ በሬ ለማረድ አይበደር፣ ለሙታን ጸሎቱ ይበቃል ነበር። ጾም ገድፈሽ እንደማታውቂም ያሰበ የለም።

አርባሽ ሲቃረብ እማዬ ጭንቅ ያዛት። የነፍስ አባታችን መምሬ ጸሎቱን እንዳይከለክሉሽ ፈራች። ሆስፒታል አብሬሽ የነበርኩት እኔ ስለሆንኩ፣ «ተጸጽታ ነው የሞተችው በላቸው፤ ምን አለበት ልጄ» ብላ ለመነችኝ። አልተጸጸትሽም። ነገሩን አላነሳሽውም፤ ውሃ ብቻ ነበር የምትጠይቂኝ።

መምሬ ቤት ስገባ ውሸቱ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እሳቸው ቀደሙኝና፣ «ሁሉም ይነግረኛል፤ እስቲ ምን ነበር የጻፈችው?» አሉኝ። እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሌላ ሰው የለም። ጋዜጣውን ከጃኬቴ አውጥቼ ከላይ እስከ ታች አነበብኩላቸው። «ካህናት ከሟቹ ይልቅ ድግሱን ያስባሉ» ያልሽው ጋ ስደርስ ድምፄ አነሰ። አባባ የተቀበረ ዕለት እህል ሳይቀምሱ በእግራቸው የተመለሱት እሳቸው ናቸው። እሳቸውም፣ «እዚህ ላይ በድላኛለች። ስለ ብድሩ እውነቷን ነው። ብትኖር ግን እከራከራት ነበር» አሉ። ከዚያ ለጸሎቱ የክርስትና ስምሽን ጠየቁኝ። ድግስ እንዳናስብም ነገሩኝ።

ጸሎቱ ተደረገልሽ፤ የቀረበው ንፍሮ ብቻ ነበር። እማዬ፣ «ልጄ ድግስ ሳይደገስላት እንደ ተራ ሰው ተሸኘች» ብላ አኩርፋኛለች። አልፈርድባትም። ሰው ስንት ነገር ብሏት ነው።

እትዬ፣ ስምሽን የሚያነሳ አይጠፋም። እኔ ከሃዲም ጀግናም አላደርግሽም። ለሚጠይቀኝ ሁሉ የጻፍሽውን ሙሉውን እነግረዋለሁ፤ መምሬን የበደልሽበትንም ጭምር። እንዲያ ነው የማስታውስሽ፣ እየደከመኝም ቢሆን።

ታናሽ ወንድምሽ