ስፒከሮቹ ቦታቸውን ይዘዋል

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

እንደምን ከርመሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ያ የወገብህ ነገር ተሻለህ? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? ከሁሉም በላይ ደግሞ ያ ኮሽታ የማያመልጠው ጆሮህ እንዴት ሰንብቷል? እኛ ደህና ነን። ልጆቼ ደህና ናቸው፤ ባለቤቴም ያው እንደምታውቀው ነው፣ ሲጠሩት አቤት ሲልኩት ወዴት። ስለ እማዬ ከታች እጽፍልሃለሁ።

የላክኻቸው ሁለቱ ስፒከሮች ሳይጫሩ ደርሰዋል። ቁመታቸው ወገቤ ድረስ ነው። ሲገቡ ያየ ሁሉ ቁም ሣጥን የገዛን መስሎት እንኳን ደስ ያላችሁ ብሎናል። እኔ እንደ ማንኛውም ዕቃ ከግድግዳ አስጠግቼ ላቆማቸው ነበር። አንተ ግን አደራ፣ ባለሙያው ሳይመጣ እንዳትነኪያቸው ብለህ ስለነበር እንደ አራስ ሸፋፍኜ አስቀመጥኳቸው። እማዬን እንኳን እንደዚያ ሸፍኛት አላውቅም።

የቀጠርከው ባለሙያ መጣ። ጫማውን በር ላይ አውልቆ ከጥግ ጥግ እየዞረ ማጨብጨብ ጀመረ። ለካ ክፍሉ ያስተጋባ እንደሆነ የሚፈተነው እንደዚያ ነው። እማዬ እዚያው ሳሎን አልጋዋ ላይ ሆና ማን ተሹሞ ነው የሚጨበጨበው ብላ ጠየቀች፤ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ክፍሉ ያስተጋባል ተባለና ለወለሉ ምንጣፍ፣ ለባዶው ግድግዳ ወፍራም መጋረጃ ታዘዘ። ስፒከሮቹን ከግድግዳው ክንድ ያህል አራቃቸው፤ ከተጠጉ ድምፃቸው እንደ በሬ ያጓራል አለ። ከዚያ ሲባጎ አወጣ። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀትና ከእያንዳንዳቸው እስከ አድማጩ ጆሮ ያለው ርቀት እኩል መሆን አለበት፤ ሦስት ጉልቻ በለው። ሁለቱ ጉልቻ ስፒከሮቹ ናቸው፣ ሦስተኛው ሰው ነው። ሲባጎውን ወጥሮ መጣና ጫፉ የእማዬ ትራስ ላይ አረፈ።

በአንዱ በኩል ቢሞክር በሩ አለ፤ በሌላው በኩል የመስኮቱ መስታወት ይንቀጠቀጣል። ግራ ሲገባው አንተን ጠየቀ፣ አንተም መልሱን በድምፅ ቀድተህ በስልኬ ላክህልኝ። ምን እንዳልክ የምትረሳው አይመስለኝም።

እማዬ ዓይኗ ከጠፋ ወዲህ ያቺ መስኮት ሥር ያለች አልጋ ለእሷ ምን እንደሆነች አንተ አላየህም። መንገደኛውን በኮቴው ትለየዋለች። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ጠዋት ወደ ሥራ ስትሄድ መስኮቱን ኳ አድርጋ ሰላም ትላታለች፤ ዳቦ አዳዩም ብስክሌቱን አቁሞ ይቀልድባታል፣ እሷም ሳትመልስለት አትቀርም። የሰፈሩን ወሬ ከእኛ ቀድማ የምትሰማው እሷ ናት። ከዚያ ማንሳት ከሰው መለየት ነው። ሐሳብህን ትቀይር ይሆናል ብዬ ያልከውን ሳልነግራት ከረምኩ። አንተ ግን ደጋግመህ የጠየቅኸኝ ስለ መጋረጃው ውፍረት ብቻ ነበር።

ባለሙያው ተመልሶ ሲመጣ የቀረው መፈተሽ ነው አለ። ዘፈን ያታልላል፣ የምታውቁት ሰው ድምፅ ስጡኝ፤ ስፒከሮቹ በትክክል ከቆሙ ድምፁ ከሁለቱም ሳይሆን ከመሃላቸው፣ ምንም ከሌለበት ቦታ ይመጣል አለን። የአንተ ድምፅ ስልኬ ውስጥ ሞልቷል። አምና እማዬ ስትታመም አይዞሽ ያልክበት አለ፤ ትንሹ ልጅህ አፉን ሲፈታ የላክኸውም አለ። እኔ ግን የመጨረሻውን ሰጠሁት። ጨካኝ ናት በለኝ፤ ያው ከአንድ ማኅፀን ነው የወጣነው። አንተ ያሰብከውን እማዬ በእኔ አፍ እንድትሰማ ፈልገህ ነበር፤ ከራስህ አፍ ትስማው ብዬ ነው።

ሰላም ብለህ ስትጀምር፣ ወንድም ጋሼ፣ እኔም ደነገጥኩ። እውነትም ክፍሉ መሃል ቆምክ። እማዬ ቀና ብላ ተቀመጠች። ፀጉሯን በእጇ ደባበሰች፣ ከዚያ እጇን ወደፊት ዘርግታ "መጣህ እንዴ የኔ ልጅ? ምነው ሳይነግሩኝ?" አለች። ባለሙያው ደስ ብሎት ዓይኑን ጨፈነ። አንተም ቀጠልክ፦ "ለማታይ ሰው መስኮት ምን ያደርግላታል? ጓዳ አስገቧት። እንግዶቼን ይዤ ስመጣ ሳሎን ውስጥ በሽተኛ ተጋድሞ እንዲያዩ አልፈልግም።"

ባለሙያው ድምፁን እንጂ ቃሉን አይሰማም። ጎንበስ ብሎ፣ እማማ ከየት በኩል ነው የሚሰማዎት፣ ከግራ ነው ከቀኝ ሲል ጠየቃት።

"ከፊት ለፊቴ ነው" አለችው።

ከዚህ የተሻለ አይገኝም ብሎ ስፒከሮቹ የቆሙበትን ቦታ ምንጣፉ ላይ በጠመኔ ከበበው። እማዬ የዘረጋችውን እጅ ሰበሰበችና ትራሷን አነሳች። ልይዛት ስል እጄን አስለቅቃ፣ ግድግዳውን እየዳሰሰች ብቻዋን ጓዳ ገባች። እኔን ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እንግዲህ ቤቱ እንዳልከው ሆኗል። አልጋዋ በነበረበት ቦታ ወንበር አለ፤ ጆሮህ ቀጭኑን ድምፅ ከምታወጣው ከስፒከሩ ትንሿ ክብ ጋር እኩል እንዲሆን እግሩን አሳጥረነዋል። ጓዳ ውስጥ ከዘፈኑ የሚሰማው ዱብ ዱብ የሚለው ብቻ ነው። ልብስ ሰፊዋ አሁንም መስኮቱን ኳ ታደርጋለች፤ እኔ ወጥቼ ተኝታለች እላታለሁ።

ልጆቼ ጉንጭህን ስመውሃል፤ አጎታችን መቼ ነው የሚመጣው እያሉ መውጫ መግቢያ አሳጥተውኛል። ባለቤቴ ሰላም ብሎሃል፤ የወንበሩን እግር የቆረጠው እሱ ነውና ምስጋናው አይቅርበት። ልብስ ሰፊዋም ሰላም ብላሃለች፤ የነገርኳት ነገር ስለሌለ ሰላምታዋ ከልቧ ነው።

እማዬንም ምን ብዬ ልጻፍለት ብዬ ጠየቅኳት። "ለዕቃው ከሆነ ይምጣ፤ እኔን ብሎ ግን እንዳይለፋ" አለችኝ።

እህትህ
ከእናትህ ጓዳ፣ ጥር ፲፬ ቀን