ስለ ጤና መኮንን ሙሀመድሰይድ ሸረፋ ኅልፈትና ገና ከግድግዳ ስላልወረደው ሰንጠረዥ

ከወልቂጤና ቡታጅራ አካባቢ የጤና ባለሙያዎች መማማሪያ ማኅበር
ኅዳር 5 ቀን 2009 ዓ.ም.

የማኅበራችን መሥራችና የእሑድ ትምህርታችን አዘጋጅ የነበሩት ጤና መኮንን ሙሀመድሰይድ ሸረፋ፣ ባደረባቸው የደም ግፊት ሕመም ቅዳሜ ኅዳር 3 ቀን በ58 ዓመታቸው በሞት ተለይተውናል። ሥርዓተ ቀብራቸውም በዕለቱ በቡታጅራ ተፈጽሟል። ማኅበራችን ጥልቅ ሐዘኑን እየገለጸ፣ እርሳቸው ጀምረው ያልጨረሱት አስቸኳይ ጉዳይ ስላለ ይህ ወረቀት እስከ መጨረሻው እንዲነበብ ይጠይቃል።

ጋሼ ሙሀመድሰይድ በመስቃን ገጠር ተወልደው በ1974 ዓ.ም. በጤና ረዳትነት ሥራ ጀመሩ። በ1985 ዓ.ም. ወደ ቆሼ ተዛውረው አሥራ አንድ የወባ ወቅቶችን አሳለፉ። በ1998 ዓ.ም. ከልጆቻቸው እኩዮች ጋር ተምረው በጤና መኮንንነት ተመረቁ።

በ2004 ዓ.ም. የሥልጠና ተራ የማይደርሳቸው የገጠር ነርሶች ባሉበት ሆነው እንዲማሩ በፌስቡክ ቡድን ከፈቱ። ስምንት ነበርን። ትምህርቱን ሳናነብ ምልክቱን ብቻ እየተጫንን ስናልፍ ጊዜ፣ «ላይክ ማድረግ ማንበብ ከሆነማ እኔ ይሄኔ ፕሮፌሰር ነበርኩ» ብለው ጻፉልን። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ አባል ትምህርቱን በእጁ ደብተር ላይ ገልብጦ፣ ገጹን ፎቶ አንስቶ እንዲልክ ደንብ አወጡ። በ2008 ዓ.ም. ወደ ቴሌግራም ስንዛወር ደንቡም አብሮን ሄደ። የሁላችንንም ገጽ እያነበቡ ያርሙ ነበር። የእምድብሯን ሲስተር ፍሬሕይወትን «ይሄንን አንቺ ነሽ የጻፍሽው ወይስ ዶሮሽ ናት የሄደችበት?» ብለዋት ሳምንቱን ሙሉ ስንስቅ ከርመናል። የእርሷ ጽሑፍ ዛሬ ከሁላችንም ይበልጣል።

መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. ለከባድ ወባ የሚሰጠውን መርፌ መጠን በእጃቸው በሰንጠረዥ ጽፈው ላኩ። በዚህ ሰንጠረዥ ከሃያ ኪሎ በታች ለሆኑ ሕፃናትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሕመምተኞች በኪሎ የሚታዘዘው መጠን ተለዋውጦ ተጽፏል። በዚህም ትንንሾቹ ሕፃናት ከሚገባቸው ያነሰ መድኃኒት ይደርሳቸዋል። አርባ ሦስት አባላት ገልብጠነዋል፤ ብዙዎቻችን ግድግዳ ላይ ለጥፈነዋል። ትክክለኛው መጠን ያለበት የወባ ሕክምና መመሪያ በየመሳቢያችን ነበር። የጋሼ ጽሑፍ ስለሆነ ማናችንም አላመሳከርነውም። ይህ የእርሳቸው ብቻ ሳይሆን የእኛም ጥፋት መሆኑን ማኅበሩ ያምናል።

በዚያው ሳምንት የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። መስከረም 30 ቀን የእንሴኖዋ ነርስ ዛህራ ሙከሚል መመሪያውን ገልጣ ልዩነቱን አየችና ደወለችላቸው። «ጋሼ፣ እኔ ተሳስቼ ይሆናል» ብላ ስትጀምር፣ «ቆይ መነጽሬን ላድርግ» አሏት። ሰንጠረዡን ከመመሪያው ጋር አስተያዩና፣ «አንቺ አልተሳሳትሽም፣ የኔ ልጅ። አሁኑኑ ቅደጂው» አሏት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልካቸውን የሚያውቁትን ሁሉ እየደወሉ አስጠነቀቁ። በስልክ «እሺ» ያለውን ሁሉ ደግሞ በአውቶቡስ፣ በሚኒባስ፣ መንገድ ባለቀበትም በእግር እየሄዱ ወረቀቱ መውረዱን በዓይናቸው አረጋገጡ። ሐኪማቸው እንዲያርፉ ቢያዝዙም፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ሳሌሃ ቢለምኑም አልተቀመጡም። በደብተራቸው አርባ ሁለት ስሞች ላይ ምልክት አድርገዋል። አንዱ ባዶ ነው።

ይህ አባል በቡድኑ ውስጥ «የጠዋት ጤዛ» በሚል ስምና በቢጫ አበባ ምስል የሚታወቅ ነው። ቡድኑን የተቀላቀለው ባለፈው ጳጉሜን ነው። ወንድ ይሁን ሴት፣ ቀበሌው የት እንደሆነ የሚያውቅ አላገኘንም። መስከረም 23 ቀን «ጋሼ፣ ሰንጠረዡን አስፍቼ በካርቶን ጽፌ መርፌ ክፍል ሰቅዬዋለሁ፤ መጥተው ቢያዩት ያምርዎታል» ብሎ ጽፏል። እርሳቸውም «መምጣቴ አይቀርም፤ ፊደሉ ከተጣመመ ግን ጆሮህን አዘጋጅ» ብለው መለሱ። የት እንደሚመጡ አልጠየቁም። እኛም አልጠየቅንም።

በሰንጠረዡ ምክንያት ጉዳት ደረሰ የሚል ሪፖርት እስካሁን አልመጣልንም። ይህ ግን እንቅልፍ አይሰጠንም፤ የማናውቀው ሰው ለማን ሪፖርት ያደርጋል? የወባው ወቅት ደግሞ አላለፈም።

ስለዚህ ይህ መግለጫ በወረቀት ታትሞ በየመናኸሪያው፣ በየገበያው፣ በየመስጊዱና በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲለጠፍ ወስነናል። በመርፌ ክፍል ግድግዳ ላይ በካርቶን የተጻፈ ሰንጠረዥ ያየ ማንኛውም ሰው ለጤና ጣቢያው ኃላፊ ይንገር። «የጠዋት ጤዛ» ሆይ፣ ይህን ካነበብክ ወይም ካነበብሽ ካርቶኑን አውርደህ፣ አውርደሽ፣ መመሪያውን ተመልከቱ፤ ለማኅበሩም ደውሉ። የሚቆጣ የለም። ይቆጡ የነበሩት አንድ ሰው ነበሩ፤ እርሳቸውም ጥፋቱን በራሳቸው ወስደዋል።

ለአባላት የምናስተላልፈው ከባድ መልእክት ይከተላል። ጋሼ እርማቱን በስልካቸው ጽፈው ላክ የሚለውን ተጭነዋል፤ ኢንተርኔት ስለሌለ መልእክቱ የሰዓት ምልክት ይዞ እንደቆመ ነው። ወይዘሮ ሳሌሃ ስልኩ እንዳይጠፋ ባትሪውን እየሞሉ ይጠብቃሉ። መስመሩ ሲመለስ እርማቱ በእርሳቸው ስም ይደርሰናል። አትደንግጡ። ደግሞም አደራ፣ «ነፍስ ይማር» እና «አላህ ይዘንላቸው» እያላችሁ በቡድኑ ውስጥ አትጻፉ። አርባ ሁለት የሐዘን መልእክት ቢደረደርበት፣ አርባ ሦስተኛው ሰው እርማቱን ከሥሩ ፈልጎ አያገኘውም። ሐዘናችሁን ቤታቸው ሄዳችሁ ግለጹ።

ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ሳሌሃ፣ ለልጆቻቸው፣ ለሥራ ባልደረቦቻቸውና አብረዋቸው ለተማሩ ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። አላህ በጀነት ያኑራቸው። እርማቱ ሲደርስ ከመመሪያው ጋር አመሳክሩት፤ በእጃችሁ ገልብጡት፤ ገጹን ፎቶ አንስታችሁ ላኩ። አርባ ሦስተኛው ገጽ የገባ ዕለት፣ ቡድኑን ለልቅሶ እንከፍተዋለን።